ስለ ዶሮ ቤት ጉዝጓዝ ደረቅነት

ዶሮ በባላገር ቤት ከሚገኘው ሀብት ሁሉ ታናሿ ብትሆንም ጥቅሟ ታናሽ አይደለም። እንቍላሏ ለሕፃናት ምግብ ይሆናል፤ በገበያም ተሸጦ ለጨውና ለደብተር መግዣ ይውላል። ነገር ግን ክረምት በገባ ጊዜ ጫጩት ሲያልቅ ባለቤቱ ምክንያቱን ሁሉ ለፈንግል ወይም ለዕድል ይሰጣል። ፈንግል በእውነት ብርቱ በሽታ ነው፤ መከላከያውም ክትባት ነው። ከፈንግል ሌላ ግን ያለ ብዙ ገንዘብ በትጋት ሊከለከል የሚችል ጠላት አለ፤ ይኸውም የጉዝጓዝ እርጥበት ነው።

ጉዝጓዝ ማለት በዶሮ ቤት ወለል ላይ የሚነጠፍ ጭድ፥ የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም የቡና ገለፈት ነው። ሥራውም የኩሱን ውሃ መጥጦ ለነፋስ መስጠት ነው። የዶሮ ኩስ ከ4 እጅ 3ቱ እጅ ያህል ውሃ ስለ ሆነ፥ ነፋስ ከሌለ ጉዝጓዙ በየቀኑ እየራሰ ይሄዳል። የመልካም ጉዝጓዝ እርጥበት ከመቶ ከ20 እስከ 25 እጅ ነው፤ ከ30 ያለፈ እንደ ሆነ ጉዳት ያመጣል።

ጉዳቱም ሦስት ነው። አንደኛው፥ እርጥብ ኩስ ሲበሰብስ አሞኒያ የተባለ የሚከረፋ አየር ይወጣዋል። ይህ አየር ዐይንን ያቃጥላል፥ የመተንፈሻንም ቧንቧ ያቈስላል፤ የቈሰለውም ጕሮሮ ለሌላ በሽታ በር ይሆናል። ጫጩት ለወለሉ ቅርብ ናትና ከቆመ ሰው ይልቅ አብዝታ ትተነፍሰዋለች። ስለዚህ ባለቤቱ ከውጭ እንደ ገባ፥ አፍንጫው ሽታውን ሳይለምደው፥ ጐንበስ ብሎ ያሽት።

ሁለተኛው፥ ኮክሲዲያ የተባለው ተሐዋሲ ዘሩ ከኩስ ጋር ይወጣል። ዘሩ እንደ ወጣ ወዲያው አይጎዳም፤ እርጥበትና ሙቀት ካገኘ ግን በ1 ወይም በ2 ቀን ይበስላል፤ ጫጩትም ስትጭር ትለቅመዋለች። ከዚያ በኋላ አንጀቷ ቈስሎ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይይዛታል። በደረቅ ጉዝጓዝ ላይ ግን አብዛኛው ዘር ሳይበስል ይቀራል።

ሦስተኛው፥ በእርጥብ ላይ የሚውል እግር መዳፉ ይቈስላል፤ ዶሮይቱም ወደ መብሉ መሄድ እየከበዳት ትከሳለች።

እርጥበቱን ለመመርመር መሣሪያ አያስፈልግም። ከልዩ ልዩ ስፍራ አንድ አንድ እፍኝ ጉዝጓዝ ጠበቅ አድርጎ ጨብጦ መልቀቅ ይበቃል። ድቡልቡል ሆኖ ከቀረ እጅግ ርሷል፤ ጥቂት ተያይዞ ወዲያው ከፈረሰ መልካም ነው፤ ከቶ ሳይያያዝ ቢበተንና ቢቦን ግን እጅግ ደርቋልና አቧራው ሳንባን ይጎዳል። ከዚህ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ግድ ነው።

እርጥበት የሚገባበት መንገድ ጥቂት ስለ ሆነ በየተራ ሊዘጋ ይችላል። ጣራው ከሰኔ በፊት ይጠገን፤ ጠርዙም ከግድግዳው ወጣ ይበል። ወለሉ ከደጁ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፤ በዙሪያውም ቦይ ይቈፈር። የውሃው ዕቃ አፉ ከዶሮይቱ ጀርባ ትክክል እንዲሆን በድንጋይ ላይ ይቀመጥ፤ በመሬት የተቀመጠ ዕቃ እየተረገጠ ይፈስሳልና። በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ላይም ዶሮዎቹ ከ5 ወይም ከ6 ባይበልጡ መልካም ነው።

ብዙ ሰው ብርድ ፈርቶ የዶሮውን ቤት በክረምት ይደፍናል። ይህ ስሕተት ነው፤ ላቦቱና ክርፋቱ መውጫ አጥቶ ተመልሶ በጉዝጓዙ ላይ ይወርዳልና። ከጣራው ሥር የነፋስ መውጫ ይተው፤ ነፋሱ ግን በቀጥታ በቆጡ ላይ እንዳይነፍስ ይሁን።

ጉዝጓዙ 4 ጣት ያህል ይወፍር። ከቆጡ ሥር ያለው ኩስ በየጧቱ ይጠረግ፤ የተጋገረውም ወጥቶ በምትኩ ደረቅ ይጨመር፤ የቀረውም በየጊዜው ይገላበጥ። የሻገተ ጭድ ግን ከቶ አይነጠፍ፤ ሻጋታው የጫጩትን ሳንባ ያሳምማል። በእርጥብ ኩስ ላይ ኖራ ወይም አመድ መነስነስም መጥረግን አይተካም፤ ይልቁንም የአሞኒያውን ሽታ ያስነሣዋል። የተጠረገው ሁሉ በአንድ ስፍራ ተከምሮ ከበሰበሰ በኋላ ለጓሮ አትክልት ፍግ ይሆናል፤ ትኩሱ ግን ሥርን ያቃጥላል።

መድኃኒት የሚሸጥበት ከተማ ከብዙ መንደር ሩቅ ነው፤ መጥረጊያና ደረቅ ጭድ ግን በየቤቱ አለ። እንግዲህ መምህሩ በትምህርት ቤት ለልጆች በእጅ ቢያሳይ፥ ሽማግሌውም በቤቱ ጀምሮ ለጎረቤቱ አርአያ ቢሆን፥ በክረምት ከሚያልቀው ጫጩት ብዙው ለመስከረም ይደርሳል።