አጣጥና የነቀርሳ መድኃኒት፦ ለአዋሽና ለሰመራ ነጋዴዎች የሚጠቅም ምሳሌ

ከአዋሽ ተነሥቶ በሰመራና በጋላፊ በኩል ወደ ጂቡቲ በሚወስደው ጐዳና የሚመላለስ ነጋዴ፣ ሙጫና ከርቤ ከዐፋር ቈላ የሚገኙ ሀብቶች መሆናቸውን ያውቃል። ከርቤ ለነቀርሳ፣ ማለት ለካንሰር በሽታ ይጠቅም እንደ ሆነ በየቤተ ሙከራው መመርመሩ ሲሰማ፣ ዕቃው አንድ ቀን በጆንያ በውድ ዋጋ ይሸጣል ብሎ ተስፋ የሚያደርግ አይጠፋም። ተስፋውን ለመመዘን፣ ከኢትዮጵያ የተገኘውን የአጣጥን ታሪክ መመልከት ይበቃል።

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1972 ዓ.ም. የአሜሪካው ሊቅ ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ፣ ለምርመራ ከኢትዮጵያ ከተወሰደ የአጣጥ ወገን ቁጥቋጦ ሜይታንሲን የተባለ ቅመም አወጡ። ቅመሙ ሕዋስ ተከፍሎ እንዳይራባ የሚከለክል ብርቱ ኃይል ያለው ነው። ሆኖም ከ1,000 ኪሎ ደረቅ ተክል የተገኘው የግራም አምስተኛ ያህል ብቻ ነበር። በበሽተኞች ላይ ሲሞከርም መርዝነቱ ስለ በረታ ብቻውን መድኃኒት ሊሆን አልቻለም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊቃውንት የዚህን ቅመም ዘር፣ የነቀርሳውን ሕዋስ ለይቶ ከሚይዝ ፕሮቲን ጋር አጣመሩት። ይህም መድኃኒት በ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለአንድ ዓይነት የጡት ነቀርሳ እንዲሰጥ በአሜሪካ ተፈቀደ። ነገር ግን የመድኃኒቱ መነሻ የሚዘጋጀው ከቁጥቋጦው ሳይሆን፣ ጠላ በጋን እንደሚብላላ ሁሉ በፋብሪካ ጋን ውስጥ ከሚራባ ረቂቅ ተሕዋስ ነው።

እንግዲህ ትርፉ ያለው በጆንያው ብዛት ሳይሆን በመጀመሪያው ናሙናና ስለ ተክሉ ባለው ዕውቀት ላይ ነው። ናሙናው አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ሁለተኛ ጭነት ላያስፈልግ ይችላል። ይህንኑ ሀብት ለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 482/1998 በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. ወጥቶ፣ የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን ለመውሰድ ፈቃድ እንዲያስፈልግ፣ የአገሩም ማኅበረሰብ ከጥቅሙ እንዲካፈል ደነገገ። ከርቤን ለተለመደው ፍጆታ መሸጥን ግን አዋጁ አይመለከተውም።

ስለዚህ ለምርመራ ናሙና የሚጠይቅ ደንበኛ ሲመጣ፣ ከመሸጥ በፊት ወደ ኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት መምራት ይገባል። የአጣጥን ቅጠል የነቀርሳ መድኃኒት ነው ብሎ መሸጥ ግን የሰውን ሕይወት ለአደጋ ማጋለጥ ነው።