ከግራኝ ቦክሰኞች ማን ይበልጣል?

በአገራችን ልማድ ቀኝ እጅ የክብር፥ ግራ እጅ ግን የነውር ሆኖ ይቈጠራል። እንጀራ የሚቈረሰው፥ ሰላምታም የሚሰጠው በቀኝ ነው፤ ሕፃን ልጅ ግራኝ ሆኖ ቢገኝ ወላጆቹ ያርሙት ዘንድ ይመከራሉ። ይሁን እንጂ ጥንታዊው ታሪክ ግራ እጅን አልናቀም። በመጽሐፈ መሳፍንት እንደ ተጻፈው ግራኙ ናዖድ ሰይፉን በቀኝ ጭኑ ሸሽጎ የሞዓብን ንጉሥ ገድሏል፤ 700 ግራኞች ብንያማውያንም በወንጭፍ ሲወረውሩ አንዲት ጠጉር እንኳ የማይስቱ ነበሩ።

ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። በጁባ ከተማ በባሕል ማዕከሉ የታወቀው የንያኩሮን ሠፈር ይገኛል፤ በዚያችም ከተማ በንግድ ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ብዙዎች ናቸው። የዚያው አገር ተወላጆች የሆኑት ኑዌሮች ቀኝ እጅን የጦርና የወንድነት ምልክት አድርገው ያዩ እንደ ነበር ኤቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1956 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ ገልጿል። ጐልማሶቹ ግራ ክንዳቸውን በብረት ቀለበት አጥብቀው እያሰሩ ለብዙ ወራት ከሥራ ውጭ ያደርጉት ነበር። እንግዲህ በንያኩሮንም ሆነ በእኛ ከተሞች ቦክስ ለመማር የሚመጣ ግራኝ ወጣት ቢኖር፥ አሠልጣኙ እጁን ይለውጠው ወይስ እንደ ተፈጥሮው ይተወው?

ለዚህ መልስ ለመስጠት በመጀመሪያ ነገሩን መመርመር ያስፈልጋል። በቀኝ የሚዋጋ ቦክሰኛ ግራ እግሩንና ግራ እጁን አስቀድሞ ይቆማል፤ ግራኙ በተገላቢጦሽ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የፊት እግሮቻቸው ይጋጫሉ፥ የፊት እጆቻቸውም ይጠላለፋሉ። እግሩን ከባላጋራው እግር በስተውጭ ያሳረፈ ሰው የኋላ እጁን ለመሰንዘር መንገድ ይከፈትለታል። ግራኙ ከቀኞች ጋር ዘወትር ስለሚጋጠም ይህን ለምዶታል፤ ባላጋራው ግን ግራኝ የሚያጋጥመው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ የግራኙ ጥቅም ከክንዱ ጉልበት ይልቅ ከብርቅነቱ የሚመጣ ነው።

በቀድሞ ዘመን ብዙ አሠልጣኞች ግራኞችን እያስገደዱ በቀኝ ያቆሟቸው ነበር። ሆኖም ዲያቆን የሚል ቅጽል የነበረው ታይገር ፍላወርስ በ1926 ሃሪ ግሬብን አሸንፎ ከጥቁሮች የመጀመሪያው የመካከለኛ ክብደት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ እርሱም ግራኝ ነበር። በከባድ ሚዛን ግን ጀርመናዊው ካርል ሚልደንበርገር በ1966 ከመሐመድ ዓሊ ጋር ገጥሞ በ12ኛው ዙር ተሸነፈ። በዚህ ሚዛን ግራኝ ሻምፒዮን የታየው በ1994 ማይክል ሙረር ኤቫንደር ሆሊፊልድን ሲያሸንፍ ነው። በ2024 ደግሞ ዩክሬናዊው ኦሌክሳንደር ኡሲክ ታይሰን ፊውሪን በነጥብ አሸንፎ አራቱንም ቀበቶዎች በአንድነት ያዘ።

ከሁሉ የሚበልጠው ማን ነው በሚለው ክርክር ሦስት ስሞች ይጠራሉ። ማርቪን ሃግለር በ1980 ለንደን ላይ ዘውዱን ነጥቆ 12 ጊዜ ጠበቀው፤ ቶማስ ሄርንስንም በ1985 በሦስተኛው ዙር ጣለው። ነገር ግን በ1987 ከሹገር ሬይ ሌናርድ ጋር ሲገጥም የለመደውን የግራ አቋም ትቶ በቀኝ ጀመረ፤ ውጤቱም በተከፋፈለ የዳኞች ድምፅ ሽንፈት ሆነበት። ፊሊፒናዊው ማኒ ፓኪያው በፍጥነቱና በግራ ቡጢው በስምንት የክብደት መደቦች ሻምፒዮን ሆኗል፤ ሆኖም በ2012 የማርኬዝ ቀኝ እጅ በስድስተኛው ዙር ጣለው፤ ቀጥተኛ ቀኝ የግራኝ መድኃኒት ነው የሚባለውም በከንቱ አይደለም። ሦስተኛው ፐርኔል ዊተከር ነው። የ1984 የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት የሆነው ይህ ሰው ከመምታት ይልቅ ባለመመታት የታወቀ ነበር። በ1993 ከማይሸነፈው ቻቬዝ ጋር ገጥሞ ዳኞቹ እኩል ነው ቢሉም፥ ብዙ ተመልካቾች ድሉ የዊተከር ነበር ይላሉ።

በእኛ አስተያየት ብልጫው ለዊተከር ይገባል። የሃግለር ጽናት፥ የፓኪያውም ፍጥነት ለጥቂቶች የተሰጠ ጸጋ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ማለፍ፥ እግርን በቦታው ማሳረፍና ጭንቅላትን ከጉዳት ማዳን ግን በትምህርት ሊገኝ የሚችል ጥበብ ነው። ለወጣት ተማሪም የሚበጀው ይኸው ነው።

ተቃዋሚ ሰው ግን፥ ኦስካር ዴላሆያና ሚጌል ኮቶ በተፈጥሯቸው ግራኞች ሲሆኑ በቀኝ አቋም ተዋግተው ሻምፒዮን ሆነዋል ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ብርቱው ግራ እጃቸው ከፊት በመሆኑ ጠቅሟቸዋል። እንዲሁም ሎማቼንኮ ቀኝ ሲሆን በግራ አቋም ይዋጋ ነበር። ስለዚህ አቋም በፈተናና በልምምድ የሚመረጥ መሆኑን እናምናለን፤ የምንቃወመው ግራ እጅ ነውር ነው በሚል እፍረት ተገፍቶ የሚደረገውን ለውጥ ነው። አሠልጣኙ ልጁን በሁለቱም አቋም ይፈትነው፤ እግሩ የረጋበትንና ራሱን በሚገባ የሚጠብቅበትን ይምረጥለት። ያ አቋም የግራ ሆኖ ከተገኘ፥ የብረት ቀለበት አያስርበት።