ለተበተነ ሰፈር የሚሆን ሰርቨር

በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የምኒልክ አደባባይ ዙሪያ መልኩን ቀየረ። በየካቲት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ከአደባባዩ አጠገብ ተመረቀ። በዚያው ሰሞን የኮሪደር ልማት የተባለው የከተማው የማደስ ሥራ አደባባዩ ወዳለበት ወደ ፒያሳ ገባና የዶሮ ማነቂያና የአካባቢው ነዋሪዎች ቤታቸው እየፈረሰ እንደ ቦሌ አራብሳና ገላን ወዳሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ሄዱ። በአንድ ግቢ ያደጉ ልጆች ዛሬ ለመገናኘት ታክሲ መቀያየር ግድ ሆኖባቸዋል። ከዚያ አስቀድመው ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ፍራንክፈርት፣ ወደ ዱባይ የሄዱም ሞልተዋል። ፕሌይስቴሽን ቤት ተሰብስበው፣ ተሸናፊው ለባለተራ እየለቀቀ ፊፋ ይጫወቱ የነበሩ ጓደኛሞች አሁን የሚገናኙት በቴሌግራም ግሩፕ ነው። ግሩፕ ለወሬ ደህና ነው፤ አብሮ ለመዋል ግን አይበቃም።

ለእንዲህ ያሉ ጓደኛሞች በጣም የሚጠቅም፣ አገራችን ውስጥ ግን ገና ብዙ ያልተለመደ ነገር አለ፤ ከመካከላቸው በአንዱ ቤት የሚቀመጥ የራሳቸው የጨዋታ ሰርቨር።

ሰርቨር ሲባል ብዙ ሰው በትልቅ ክፍል የተደረደሩ፣ መብራታቸው ብልጭ ድርግም የሚል ማሽኖችን ያስባል። በመሠረቱ ግን ሰርቨር ፕሮግራም ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕም ላይ ይሠራል። ሥራው ዳኝነት ነው። በሰፈር ኳስ ሁለት ድንጋይ ጎል ሆኖ ሲቀመጥ «ገብቷል»፣ «ወጥቷል» የሚለው ክርክር የማያልቀው የሁሉንም ዓይን የሚተካ አንድ ሰው ስለሌለ ነው። በኢንተርኔት ጨዋታም እያንዳንዱ ተጫዋች በራሱ ስክሪን የሚያየው ከሌላው በጥቂቱ ይለያል። መልእክት ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበታልና። ሰርቨሩ የሁሉንም እንቅስቃሴ ይቀበላል፣ የሆነውን ይወስናል፣ ውሳኔውን ለሁሉም መልሶ ይልካል። ማይንክራፍት የተባለው የግንባታ ጨዋታ ሰርቨር ይህን በሴኮንድ 20 ጊዜ ያደርጋል።

ነገሩ ከመጀመሪያው እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ዱም የተባለ የተኩስ ጨዋታ ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ ያገናኝ ነበር እንጂ በመካከል ወሳኝ አልነበረውም፤ አንዱ ሲዘገይ ሁሉም ይጠብቁታል። በ1996 የወጣው ኩዌክ ውሳኔውን ለአንድ ሰርቨር ሰጠ። ከዚያ ወዲህ የአንዱ ሰው መስመር ቢደክም የሚቸገረው ራሱ ብቻ ሆነ። ማንም ሰው በቤቱ ሰርቨር ከፍቶ ጓደኞቹን መጥራት የሚችልበት ልማድም ከዚያ ዘመን ጀምሮ ተስፋፋ። ዛሬ ታላላቆቹ የጨዋታ ኩባንያዎች ሰርቨሩን በራሳቸው እጅ ይዘውታል። ኩባንያው በዘጋው ቀን ጨዋታው አለቀ ማለት ነው። ለዚህ ነው በቤት የሚቀመጠውን ሰርቨር አጥብቄ የምወደው፤ በዚያ የተሠራው ሁሉ ፋይል ሆኖ በባለቤቱ እጅ ይቀራል።

አሠራሩን በማይንክራፍት እንየው። ከጨዋታው ድረ ገጽ የሰርቨሩ ፕሮግራም በነፃ ይወርዳል። እንዲሠራ ጃቫ የተባለ ሌላ ፕሮግራም መጫን አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ወዲያው ይቆማል፤ የውል ፋይል ይፈጥርና «ፎልስ» የሚለው ቃል «ትሩ» እስኪባል ይጠብቃል። ቃሉ ተለውጦ እንደገና ሲከፈት ዓለሙን መፍጠር ይጀምራል፤ ተራራው፣ ወንዙ፣ ዛፉ በአንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ለጥቂት ጓደኛሞች 2 ጊጋባይት ራም ለሰርቨሩ መስጠት ያስኬዳል። ላፕቶፑ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ማስተካከል፣ ከተቻለም ከራውተሩ ጋር በኬብል ማገናኘት ይገባል።

እዚህ ላይ ኢንተርኔት ገና አልተነካም። በአንድ ዋይፋይ ውስጥ ያሉ ሁሉ የላፕቶፑን የውስጥ አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ በ192.168 የሚጀምረውን ቁጥር፣ በጨዋታው ላይ ጽፈው መግባት ይችላሉ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰርቨሩ በኢንተርኔት የሚያደርገው የማንነት ማጣሪያ ለጊዜው ከተዘጋ፣ ራውተሩ መብራት እስካገኘ ድረስ የግቢው ልጆች በውስጥ መስመር ተገናኝተው መጫወት ይችላሉ። እውነተኛው ሥራ የሚመጣው ሰርቨሩን ከግቢ ውጭ ላሉት ማድረስ ሲፈለግ ነው።

የዓለም ኢንተርኔት ለረጅም ዘመን የተመካበት የአድራሻ ሥርዓት ሊሰጥ የሚችለው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ቁጥሮች ብቻ ነው። ይህ ለዓለም ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ አይበቃም። ስለዚህ አንድ ቤት ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች ሁሉ በራውተሩ አንድ አድራሻ ወደ ውጭ ይወጣሉ። ከውስጥ የተጠየቀ ነገር መልስ ሲመጣ ራውተሩ የማን እንደሆነ ያውቃል። ከውጭ በድንገት የመጣን ጓደኛ ግን ወዴት እንደሚመራው ስለማያውቅ ይጥለዋል። በራውተሩ ገጽ ላይ «በፖርት 25565 የሚመጣውን ሁሉ ወደዚህ ላፕቶፕ ላክ» ብሎ ማዘዝ ያስፈለገው ለዚህ ነው። 25565 ማይንክራፍት በልማድ የሚጠቀምበት የፖርት፣ ማለትም የመግቢያ በር፣ ቁጥር ነው፤ ትእዛዙም ፖርት መክፈት ይባላል።

ብዙ ሰው ይህን በትክክል ሠርቶም ጓደኞቹ መግባት አልቻልንም ይሉታል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ ውጭ ነው። አገልግሎት ሰጪዎች አድራሻ ሲያጥራቸው ብዙ ደንበኞችን በአንድ የውጭ አድራሻ ሥር ያስቀምጣሉ። በሞባይል ዳታ ይህ የተለመደ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ራውተሩ በራሱ ገጽ «የውጭ አድራሻዬ» ብሎ የሚያሳየውን ቁጥር፣ አድራሻ የሚያሳዩ ድረ ገጾች ከሚሰጡት ጋር ማመሳከር። ከተለያዩ፣ ወይም የራውተሩ ቁጥር ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚጀምር ከሆነ፣ ፖርት መክፈት ብቻውን አይረዳም፤ ሌሊቱን ሙሉ ራውተር ሲነካኩ ከማደር ወደ ሌላው መንገድ መሄድ ይሻላል።

ሌላው መንገድ ቴይልስኬልና ዜሮቲርን የመሰሉ ፕሮግራሞች ናቸው። ለጥቂት ሰው በነፃ ይሠራሉ። እያንዳንዱ ጓደኛ በኮምፒውተሩ ይጭነዋል፤ ከዚያ አራብሳ ያለውም ዱባይ ያለውም በአንድ ዋይፋይ ውስጥ እንደተቀመጡ ሆነው ይገናኛሉ። ፖርት አይከፈትም፣ የቤቱንም አድራሻ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ለጀማሪ የምመክረው ይህንን ነው፤ ፖርት መክፈት የሚቻልበት ቤት ውስጥ እንኳ። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይባል፦ ሁለቱ ኮምፒውተሮች በቀጥታ መገናኘት ካቃታቸው መልእክቱ ሩቅ አገር ባለ አስተላላፊ በኩል ይዞራል፣ ጨዋታውም ይዘገያል።

መዘግየቱን፣ ተጫዋቾች ላግ የሚሉትን፣ በቅጡ ማወቅ የሰርቨሩን ቦታ ለመምረጥ ይረዳል። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በአየር መስመር 5,300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ደርሶ መልሱ በተፈጥሮ ሕግ ብቻ ከ50 ሚሊሴኮንድ በታች ሊሆን አይችልም። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መስመሯ በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤቶች በኩል ወጥቶ ነው የባሕር ገመድ የሚያገኘው። ስለዚህ አውሮፓ ባለ ሰርቨር ሲጫወቱ ምኒልክ አደባባይና አራብሳ ያሉ ሁለት ጓደኛሞች፣ በአንድ ከተማ ሆነው፣ እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ባሕር አሻግረው ይመልሷታል። ሰርቨሩ አንዳቸው ቤት ቢቀመጥና ሁለቱም በአንድ ኩባንያ መስመር ቢጠቀሙ ያ ሁሉ መንገድ ይቀራል።

ርቀቱን የሚሸከመው ያኔ ውጭ ያለው ጓደኛ ነው። ዋሽንግተን ያለው 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ቢያንስ ከመቶ ሚሊሴኮንድ በላይ ይዘገያል። ካውንተር ስትራይክን በመሰለ የተኩስ ጨዋታ ይህ ሁልጊዜ ቀድሞ መሞት ነው። በማይንክራፍት ግን ግድግዳ የሚገነባ ሰው ብዙም አይሰማውም። የተበተነ የጓደኛ ቡድን የተኩስ ጨዋታን ትቶ የግንባታ ጨዋታ ቢመርጥ የሚሻለው በዚህ የተነሣ ነው። የሰዓት ልዩነቱም ወደዚያው ይመራል። እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በራሷ የበጋ ወራት ገና ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ሰውየው ሥራ ላይ ነው። ሰርቨሩ ሌሊቱን ክፍት ሆኖ ካደረ እሱ በተመቸው ጊዜ ገብቶ ጓደኞቹ የሠሩትን ያያል፣ የራሱን ይጨምራል።

ክፍት ማደር ደግሞ የመብራት ነገርን ያነሣል። ከዴስክቶፕ ይልቅ አሮጌ ላፕቶፕ የሚመረጠው ባትሪው መብራት ሲጠፋ እንደ ዩፒኤስ ስለሚያገለግል ነው። ብዙዎቹ የቤት ራውተሮች በ12 ቮልት ስለሚሠሩ ትንሽ የራውተር ዩፒኤስ ይበቃቸዋል። ጨዋታው በየጥቂት ደቂቃው ራሱን ያስቀምጣል፤ ሆኖም እየጻፈ ሳለ መብራት በድንገት ከተቋረጠ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ሰርቨሩን ሁልጊዜ «ስቶፕ» በሚለው ትእዛዝ መዝጋት፣ ከዚያ የዓለሙን ፎልደር በፍላሽ መገልበጥ ልማድ ይሁን። የወራት ሥራ በአንድ ሌሊት የሚጠፋው ባክአፕ በሌለበት ቤት ነው።

ክፍያው ሌላው እንቅፋት ነው። የማይንክራፍት ዋጋ በዶላር ነው፤ ከአገር ውስጥ ባንክ ካርድ ወደ ውጭ መክፈል ደግሞ ለብዙው ወጣት አይሳካም። ብዙዎች የተሰበረ ቅጂ ይጭኑና ሰርቨሩ የተጫዋቹን ማንነት እንዳያጣራ ያደርጋሉ። ይህ አደጋ አለው። ማጣሪያው ከጠፋ ማንም ሰው የባለቤቱን ስም ይዞ ገብቶ ያሻውን ማዘዝና ማፍረስ ይችላል። ከዚህ ይልቅ ሉዋንቲን፣ ቀድሞ ማይንቴስት ይባል የነበረውን፣ እመክራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረ፣ በፈቃደኞች የሚሠራ፣ ሙሉ በሙሉ ነፃ ፕሮግራም ነው። በደካማ ኮምፒውተርም በአንድሮይድ ስልክም ይሄዳል፣ ሰርቨሩ ከውስጡ አብሮ ይመጣል፣ ፖርቱ 30000 ነው። ቮክሰሊብሬ የተባለው ጨዋታ ሲጨመርበት ማይንክራፍትን የለመደ ሰው አይቸገርም። በየትኛውም ቢሆን የሚገቡትን ሰዎች ስም ዝርዝር መሙላትና ከዝርዝሩ ውጭ ያለውን መከልከል የመጀመሪያው ቀን ሥራ ነው።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። በሰርቨሩ ላይ ምን ይሠራ? የዴንማርክ የካርታ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 አገሩን በሙሉ በእውነተኛ ልኩ በማይንክራፍት አውጥቶ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች መኖሪያ ፕሮግራም ከጨዋታው ሠሪዎች ጋር በጀመረው ፕሮጀክት ደግሞ በናይሮቢ ኪቤራ የሚኖሩ ወጣቶች የመጫወቻ ሜዳቸው ምን እንዲመስል እንደሚፈልጉ በብሎክ ገንብተው አሳይተዋል። የፒያሳ ልጆችም ፒያሳን መገንባት ይችላሉ።

ከአደባባዩ መጀመር ነው። በ1923 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ዋዜማ የተመረቀው፣ ጣሊያን ነቅሎ የቀበረው፣ ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰው የምኒልክ ሐውልት መሐል ላይ ይቆማል። ፈረሱን በብሎክ ማስመሰል ትዕግሥት ይፈልጋል። የአራዳ ጊዮርጊስ ስምንት ማዕዘን ሕንፃ የበለጠ ይፈትናል፤ ብሎኩ አራት ማዕዘን ስለሆነ በሰያፍ የሚሄዱት አራቱ ግድግዳዎች እንደ ደረጃ እየተሰበሩ መውጣት አለባቸው፣ ርዝመታቸውም ከቀጥታዎቹ ጋር እንዲመጣጠን መቁጠር ያስፈልጋል። እነዚህ ግን ዛሬም ቆመዋል፤ ሄዶ ማየት፣ በእርምጃ መለካት ይቻላል። የማይቻለው የፈረሰው ነው። የጋራ ቧንቧው የቱ ጋ ነበር? የሱቁ መስኮት ወዴት ያይ ነበር? ጠባቧ መተላለፊያ በየት በኩል ትወጣ ነበር? አራብሳ ያለው አንዱን ያስታውሳል፣ ፍራንክፈርት ያለው ሌላውን። ሲከራከሩ አንዱ እናቱን ይጠይቃል፣ ሌላው የሠርግ ፎቶ ያወጣል። ማይንክራፍት የግዕዝን ፊደል ስለሚቀበል በየበሩ ላይ የነበረው ስም በአማርኛ ሊጻፍ ይችላል።

ማዘጋጃ ቤት ካርታ ይኖረዋል። ካርታ ግን የትኛው በር ሁልጊዜ ክፍት እንደነበር አይነግርም፤ ያንን የሚያውቁት እዚያ ያደጉት ናቸው፣ እነሱም በየዓመቱ እየራቁና እየረሱ ነው።

በፒያሳ፣ በካዛንችስ፣ ወይም በሌላ የፈረሰ ሰፈር ያደጋችሁ ሁሉ፦ የግቢያችሁ፣ የመተላለፊያችሁ፣ የሱቃችሁ ፎቶ በስልካችሁ ወይም በአልበም ካለ፣ ዛሬውኑ ለግሩፑ ላኩት። አሮጌ ላፕቶፕ ያለው አንድ ሰው ሰርቨሩን ይክፈት፤ መጀመሪያ የራሳችሁን ግቢ ብቻ ሥሩ። የዓለሙን ፎልደር ደግሞ በሦስት ሰው ቤት አስቀምጡት፤ ከሦስቱ አንዱ ከኢትዮጵያ ውጭ ይሁን።