ሳይመረመር የሚዋጥ ፍላጂል

በጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ በጥሊሊ ዙሪያም ሆነ በሌላው ገጠር፣ ሆድ በተቀመጠ ቁጥር ፍላጂል መዋጥ ከንቱ ነው። መድኃኒቱ አሜባንና ጃርዲያን ይገድላል፤ የሕፃናትን ውሃማ ተቅማጥ በአብዛኛው የሚያመጣውን ቫይረስ ግን አይነካም። ሕፃኑን የሚገድለው የሰውነት ፈሳሽ ማለቅ ነው። ስለዚህ ወደየቀበሌው የገቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚሰጡት ኦአርኤስና ዚንክ ይቅደም። ደም የቀላቀለው ተቅማጥም ብዙ ጊዜ የባክቴሪያ ስለሆነ፣ ዓይነ ምድሩ በጤና ጣቢያ ይመርመር። ፍላጂል የታዘዘለት በሽተኛ ተሻለኝ ብሎ አያቋርጥ፤ ከአረቄና ከጠላም ይራቅ። ዝናብ ከሜዳ የሚያጥበው ዓይነ ምድር ወደ ምንጩ ከገባ ግን የዳነውም ተመልሶ ይያዛል፤ ምንጩን ማሳጠርና መጸዳጃ ማስቆፈር ደግሞ የሐኪሙ ሳይሆን የቀበሌው መሪዎች ሥራ ነው።