ተጨማሪ መረጃ፦ እሴት፣ ማኅበራዊ ደንብና የመሥሪያ ቤት ቆሻሻ

ያገለገለ ወረቀትና የውኃ ፕላስቲክ በመሥሪያ ቤት ተለይቶ መጣሉ በሠራተኛው የግል እሴት ብቻ አይወሰንም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጥናት ሁለት ዓይነት ማኅበራዊ ደንቦችን ለይተዋል፤ አንዱ ብዙኃኑ በተግባር የሚያደርገው፣ ሌላው መደረግ አለበት ተብሎ የሚታመነው ነው። በሙከራቸው፣ ቆሻሻ የተበተነበት ስፍራ የገቡ ሰዎች ንጹሕ ስፍራ ከገቡት ይልቅ በብዛት የያዙትን ወረቀት መሬት ላይ ይጥሉ ነበር። በቢሮም «ወረቀት ብቻ» የተባለው ቅርጫት በምግብ ትራፊ ተሞልቶ ከታየ ማስታወቂያው ዋጋ ያጣል። ለአካባቢው የሚቆረቆር ሠራተኛ፣ በተለይም አዲስ ተቀጣሪ፣ ባልደረቦቹን ሊከተል ይችላል። በቤቱ ጠርሙስ ለቆራሌ የሚያጠራቅም ሰው እንኳ ቢሮ ሲገባ ሁሉንም በአንድ ላይ ሊጥል ይችላል፤ ጥቅሙንም ኃላፊነቱንም የራሱ አድርጎ አያየውምና። ስለዚህ ኃላፊዎች ራሳቸው ለይተው ሲጥሉ መታየት አለባቸው።