ድዳችን ለምን ይደማል?

ዛሬ ስለ ድድ ላስነብባችሁ።

አምና ጥርሴን ስፍቅ ድዴ ይደማ ነበር። ፈርቼ መፋቅ ተውኩ። ግን ባሰብኝ፤ እንጀራ ስጎርስ እንኳ አፌ ደም ደም ይል ጀመር።

ምክንያቱ ይህ ነው። አፋችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ። ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ከረሜላና ለስላሳ ስንወስድ እነሱም ይመገባሉ። ከዚያ ጥርስና ድድ የሚገናኙበት ቦታ ላይ የሚያጣብቅ ቆሻሻ ይሠራሉ። ካልተጸዳ ድድ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። ሲቆይ ደግሞ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ያኔ በመፋቂያ አይለቅም። በመጨረሻ ያልተበላ ጥርስ ሳይቀር ይነቃነቃል።

ድድን የሚጠቅም ምግብም አለ። ገበያችን ላይ ያሉት ቃሪያ፣ ጎመን፣ ሎሚና ብርቱካን ቫይታሚን ሲ አላቸው። እሱ በጣም ካነሰ ድድ ይደማል። ድሮ በባሕር ለወራት የሚጓዙ መርከበኞች በዚህ ይታመሙ ነበር። በ1747 እ.ኤ.አ. ጀምስ ሊንድ የሚባል ሐኪም ብርቱካንና ሎሚ ሰጥቷቸው ተሻላቸው። ሎሚውን ግን ጥርሳችሁ ላይ አትሹት፤ አሲዱ ጥርስ ይጎዳል።

አያቴ ድዳቸውን ስለተነቀሱ መቅላቱ አይታይባቸውም፤ ሲደማ ግን ያውቁታል። «የወይራ መፋቂያ ጫፉን አኝከህ አለስልሰው፤ ቀስ እያልክ ፋቅ» አሉኝ። ጠዋትና ማታ ፋቅሁ፣ የሻይ ስኳርም ቀነስኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መድማቱ ቆመ።

ስለዚህ ድዳችሁ ቢደማ መፋቅ አትተዉ። ካልተሻላችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቸር ሰንብቱ!