ሠልስት ሲወጣ ኀዘን ይወጣልን?

ክረምቱ በጮቄ ተራራ ግርጌ በከበደበት በሐምሌ ወር፣ ጉሙ ከሸለቆው እስከ ኮረብታው ምድሩን ሸፍኖ ጭቃው እግር በሚይዝበት ሰዓት እንኳ፣ በደባይ ጥላት ግን ወረዳ ዋና ከተማ በቁይ የእድር ጡሩምባ ሲነፋ የሰማ ሰው ጋቢውን ደርቦ በትሩን ይዞ ወደ ልቅሶው ቤት ይወጣል እንጂ ከእሳት ዳር አይቀርም። ልቅሶ መድረስን የአገራችን ሰው ያውቅበታል። የሚያስቸግረን ለቀስተኛው ተመልሶ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ የተዋሰው ወንበርና ምጣድ ወደየባለቤቱ ከተመለሰ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ለኀዘንተኛው የምንነግረው ቃል ከደግ ልብ ቢወጣም፣ ከአባቶች ትውፊት የተወረሰ ወይም ከመጻሕፍት የተቀዳ መስሎ ቢደመጥም፣ ሲመረመር ሥር የሌለው ሆኖ የሚገኘው ብዙ ነው። ከነዚህ አባባሎች ጥቂቱን እያነሣሁ ተረቱን ከእውነታው ለመለየት የተነሣሁት፣ ነገሩ የሰውን ቤት ስለሚነካ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው «ሠልስቱ ወጥቷል፣ ይበቃል፤ የቀረውን ጊዜ ያሽረዋል» የሚለው ነው። ይህን የሚናገር ሰው አባቶች ኀዘንን በሦስት ቀን የወሰኑት ይመስለዋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለሙታን የምታደርገው መታሰቢያ ግን ከሠልስት ተነሥቶ በሰባት፣ በአሥራ ሁለት፣ በሠላሳ፣ በአርባና በሰማንያ ቀን አልፎ፣ መንፈቅን ተሻግሮ ሙት ዓመት የሚደርስ፣ ከዚያም እስከ ሰባት ዓመት የሚዘልቅ ነው። ጸሎቱ የሚደረገው ስለ ሟቹ ነፍስ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በየቀጠሮው ካህኑ፣ ዘመዱና ጎረቤቱ ተመልሰው የዚያን ቤት ደጃፍ ስለሚረግጡ፣ ሥርዓቱ ለቀሪውም ሳይረሳ የሚጎበኝበት ቀን አኑሮለታል። የዘመኑ የሕክምና ዕውቀትም በሌላ መንገድ ሄዶ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ቦታ ደርሷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ኀዘኑ ከልክ አልፎ ወደ ሕመም ተለውጧል ለማለት ቢያንስ ስድስት ወር እንዲያልፍ ሲጠይቅ፣ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው መመሪያው ለአዋቂ ሰው አሥራ ሁለት ወር ይጠብቃል። በእኛ አነጋገር መንፈቅና ሙት ዓመት መሆኑ ነው። አንዱ ከሌላው ተቀድቷል አልልም፤ ሆኖም ሁለቱም ኀዘን በሦስት ቀን ቁና እንደማይሰፈር ይመሰክራሉ። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከኀዘንተኞች ከአሥሩ አንዱ ያህል ያለ ልዩ እርዳታ ከማይወጣበት ኀዘን ውስጥ ይቀራል፤ የሚበዛው በሰው መካከል ሆኖ ቀስ በቀስ ይጽናናል። ጊዜውማ ለሁሉም እኩል ያልፋል፤ ሰውን ከሰው የሚለየው በዚያ ጊዜ ውስጥ ደጁን የሚያንኳኳለት ማግኘቱና ማጣቱ ነው።

በከተማ ባሉ የተማሩ ሰዎች ዘንድ ደግሞ «ኀዘን አምስት ደረጃ አለው፤ ሁሉም በተራው ያልፋል» የሚል ሌላ ተረት ተስፋፍቷል። ይህ አሳብ የተወሰደው ኤልሳቤት ኩብለር-ሮስ በ1969 እ.ኤ.አ. ካሳተሙት መጽሐፍ ሲሆን፣ እሳቸው የተነጋገሩት የገዛ ራሳቸውን ሞት ከሚጠባበቁ ሕሙማን ጋር ነበር። ወደ ኀዘንተኛው የተሻገረው ኋላ ነው፤ የሰው ልብም በደረጃ ተራ ሲሄድ አልተገኘም።

«ማልቀስ የእምነት ጉድለት ነው፤ ይልቁንም ወንድ አያለቅስም» የሚሉም አሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ምእመናን ሲጽፍ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች ሆነው እንዳያዝኑ መክሯል እንጂ ኀዘንን ፈጽሞ አልከለከለም፤ ጌታችንም በወዳጁ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እንባውን አፍስሷል። መምህራን የሚገሥጹት ፊት መንጨትንና ደረት መድቃትን ነው። የጎጃም ወንድስ ቢሆን በልቅሶ ሜዳ ላይ የወንድሙን ስም እየጠራ ሲያነባ ማን ነቀፈው?

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልለፍ፤ «የሟቹን ነገር አታንሡበት፣ ቁስሉን ትቀሰቅሱበታላችሁ» ወደሚለው። ልጅ ሳለሁ በጎረቤታችን አንዲት እናት የበኩር ልጇ ሞቶባት ነበር። አርባው ከወጣ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ እርሻውና ወደ ገበያው ሲመለስ፣ አንዲት እማሆይ ግን ማታ ማታ ጥጣቸውንና እንዝርታቸውን ይዘው እየመጡ ከምድጃው አጠገብ ከመደቡ ላይ ይቀመጡ ነበር። እግዜር ያጥናሽ ካሉ በኋላ ሌላ ቃል አይጨምሩም። እንዝርቱ በጭናቸው ላይ ተሽከርክሮ ሲወርድ፣ ክሩ ሲረዝም፣ ደግሞ ሲጠቀለል፣ እኛ ልጆቹ ዓይናችንን ከዚያ ላይ ሳንነቅል እንቅልፍ ይወስደን ነበር። ስንት ማታ እንዲህ እንዳለፈ አላስታውስም፤ አንድ ቀን ግን እማሆይ እጃቸውን ከፈትሉ ሳያነሡ «እስቲ ልጄ፣ ስለሱ አጫውችኝ» አሏት። ሴትዮዋ ዝም ብላ ቆየችና፣ ልጁ ከብት ጠብቆ ሲመለስ የባቄላ እሸት በኪሱ ሞልቶ ይመጣ እንደ ነበር፣ ከመንገድ ሳለ እየበላ ለእናቱ የሚያደርሳት ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ ብቻ እንደ ሆነ ስትናገር፣ እንባዋ እየወረደ ፈገግ አለች። ከልቅሶው ቀን ወዲህ ፈገግታዋን ያየሁት ያን ማታ ነበር።

ቁስል መቀስቀስ የሚሉት ይህን ከሆነ፣ ቁስሉ መቼ ተኝቶ ያውቃል? ልጇ የሞተባት እናት የልጇን ስም የምትረሳበት ሰዓት የለም፤ እኛ ስንሸሸው ግን ብቻዋን ትሸከመዋለች። በመጽሐፈ ኢዮብ የምናነባቸው ሦስቱ ወዳጆች በመጀመሪያ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከኢዮብ ጋር በምድር ላይ ተቀምጠው ዝም አሉ፤ የተወቀሱት ኋላ አፋቸውን ከፍተው መከራው ለምን እንደ መጣበት ሊያስረዱት ሲጀምሩ ነው። ስለዚህ ምን ልበለው ብሎ የሚጨነቅ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥን አይናቅ፤ ኀዘንተኛው መናገር ሲጀምር ደግሞ ወሬ አይለውጥበት።

በሩቅ አገር የሚኖሩ ልጆቻችንን ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው «መርዶ ማዘግየት ደግነት ነው» የሚለው ይመስለኛል። እናቱ የሞተችበት በስደት ያለ ልጅ በስልክ በጠየቀ ቁጥር «ጸሎት ላይ ናት፣ ገበያ ወጥታለች» እየተባለ ወራት ያልፋሉ፤ ኋላም ሲሰማ አንዱ ኀዘን ሁለት ይሆንበታል፤ እናቱን አጥቷል፣ ዘመዶቹንም ማመን ያቅተዋል። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች የአባቶችን ሥርዓት የያዙ ይመስላቸዋል። የመርዶው ሥርዓት ግን ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመዶች ተሰባስበው፣ ከንጋት አስቀድሞ ሰውዬው ለሥራ ሳይወጣ ቤቱ ደርሰው፣ ነግረውት ሳይለዩት አብረውት የሚውሉበት ነው። የሚጠበቀው አጽናኝ ሰው እስኪሰበሰብ ነው፤ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ የሚዘገይበት ምክንያት የለም። ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን ለሚኖር ሰው መርዶ የሚልክ ቤተሰብ፣ አስቀድሞ በዚያው ከተማ ያለ ወዳጅ ወይም የንስሐ አባት ፈልጎ ወደ ቤቱ ቢልክለት ሥርዓቱን ጠበቀ ይባላል።

እድርን በሚመለከት ያለው ተረት ከዚህ ይለያል፤ የሚያመጣው ጉዳት ስንፍና ነውና። «እድር ከጥንት ከአያት ቅድመ አያት የወረስነው ነው፤ መረዳዳት በደማችን አለ» እያልን እንመካለን። ጽዋው፣ ሰንበቴው፣ ደቦውና ወንፈሉ የቆዩ መሆናቸው እውነት ነው። መዝገብና ዳኛ ያለው፣ ወርኃዊ መዋጮ የሚሰበስበው፣ ድንኳንና ዕቃ ያለው እድር ግን ታሪኩን የመረመሩ ሊቃውንት እንደሚሉት ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወዲህ በከተማ፣ በተለይም በአዲስ አበባ የተፈጠረ፣ በጣልያን ወረራ ዘመን የበረታ፣ ከዚያም ወደየገጠሩ የተዛመተ ተቋም ነው። ብዙዎች ጅማሬውን ለሥራ ከጉራጌ ምድር ወደ ከተማው ለፈለሱ ሰዎች ይሰጣሉ። ነገሩን ልብ ብለን ብናየው እጅግ የሚያጽናና ነው። እነዚያ ሰዎች ከአገራቸው ርቀው፣ ብሞት ማን ይቀብረኛል እያሉ የሚጨነቁ፣ ከጎረቤታቸው ጋር በደምም በትውልድ ስፍራም የማይገናኙ ነበሩ። ዘመድ በሌለበት ሳንቲም አዋጥተው ዘመድ አቆሙ። በኤች አይ ቪ ዘመንም ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንን መጠየቅና ወላጅ አልባ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። እንግዲህ መረዳዳት በደም የሚወርድ ቢሆን ኖሮ መዝገብ ባላስፈለገው ነበር፤ በክፉ ቀን የነበሩ ሰዎች በፈቃዳቸው ያቆሙት ነገር ስለ ሆነ፣ እኛም ካልጠገንነው ይፈርሳል።

«ጠበል የያዘ ሰው መድኃኒት አይወስድም» የሚለውም መስተካከል አለበት። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ በአደባባይ መክረዋል፤ ኀዘኑ ወደ ጽኑ ጭንቀት ለተለወጠበት ሰውም ምክሩ ያው ሊሆን ይገባዋል። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃልን ብሎ መጠየቅ አሳቡን ማስገባት ነው» የሚለውን ፍርሃት የዓለም ጤና ድርጅት ተረት ሲል ይጠራዋል፤ በቀስታ የተጠየቀ ሰው ሸክሙን የሚያካፍለው ያገኛልና፣ ጠይቁት፤ ብቻውን አትተዉት፤ ወደ ጤና ጣቢያም አድርሱት። ሐኪም እስኪገኝ ተራ ሰው ምንም አይፈይድም የሚለውንም በአፍሪካ ምድር የተሠራ ሥራ አፍርሶታል። በዚምባብዌ፣ በሐራሬ፣ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 14 አሮጊቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ በአግዳሚ ወንበር ላይ ከተጨነቁ ሰዎች ጋር እንዲቀመጡ አደረጉ፤ ሥራው ተመርምሮ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ከአሮጊቶቹ ጋር የተቀመጡት ከስድስት ወር በኋላ ጭንቀታቸው ካልተቀመጡት ይልቅ ቀልሎ ተገኘ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የታወሱኝ እማሆይና እንዝርታቸው ናቸው። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከ300,000 በላይ ሰዎችን የያዙ 148 ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ፣ ጽኑ ወዳጅነትና ዘመድ ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከሌላቸው ይልቅ በ50 በመቶ በልጦ ታይቷል።

በመጨረሻ የቀረችው አንዲት አጭር አባባል ናት፤ «አሁንማ ዘግይቻለሁ፣ በምን ፊቴ እሄዳለሁ» የምትል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገድ እየተዘጋ፣ ስልክ እየተቋረጠ፣ የወንድሙን ቀብር ያልደረሰ፣ የአክስቱን ሞት ከወራት በኋላ የሰማ ሰው በየቤቱ አለ። ብዙው ሰው በዚህ አፍሮ ከኀዘንተኛው ይሸሻል፤ በመንገድ ሲያየውም ይሰወራል፤ ኀዘንተኛው ደግሞ ተረሳሁ ብሎ ይቀየማል። ድንኳኑ በሞላ ጊዜ የመጣ እንግዳ ከመቶ አንዱ ነበር፤ ዛሬ ብቻህን ስትሄድ ግን የዕለቱ እንግዳ ሁሉ አንተ ነህ። ሙት ዓመቱ አልፎም ቢሆን ሂድ፤ መንገዱ ባይፈቅድ ደውል፤ ስትደርስም የሟቹን ስም ጥራ።